በሳሙና ምክንያት የሰጠመው ታክሲዬ

«ይሄ ሰውዬ እኮ በሳሙና ምክንያት ታክሲ ያሰጠመ ነው!» አሉ ጋሽ እድሪስ፣ ዛሬ ኦክላንድ ስብሰባ ላይ፣ ማይክ ይዘው፣ በጣታቸው እኔን እያሳዩ።

ስብሰባው በባሕሩ ጠርዝ የሚያልፈውን ሃይዌይ ጎርፍ እንዳይዘጋው ከፍ አድርጎ ስለመሥራት ነው፤ ወንዙን የሚያቋርጠውን ዝቅ ያለ መንገድ ጭምር። ኢንጂነሯ «ሲጥለቀለቅ ያየ አለ?» ስትል እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው። ታክሲ በጀመርኩ በሳምንቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ታክሲዎቹን የሚያሰማራው ዲስፓቸር በሬዲዮ «ሃይ ታይድ አለ፣ በወንዙ በኩል እንዳትሄዱ» አለ።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የማውቀው ታይድ የልብስ ሳሙና ነው። ሳሙና የጫነ ትራክ ተገልብጧል ብዬ፣ እንዳልንሸራተት ቀስ እያልኩ ገባሁ።

አረፋ የሚባል የለም። ውሃው ግን እስከ ወንበሬ ደረሰ።

ጎትተው ያወጡኝ ጋሽ እድሪስ ናቸው፤ ያኔ እሳቸውም ታክሲ ይነዱ ነበር። የምጽዋ ሰው ስለሆኑ ባሕር ያለ ዝናብ እንደሚሞላ ያውቃሉ። «ልጄ፣ ታይድ ማለት የባሕር ሙላት ነው፤ በቀን ሁለቴ ይመጣል፤ ሰዓቱን ጠይቅ» አሉኝ።

ዛሬ ልጄ የጋሽ እድሪስን ወሬ ወደ እንግሊዝኛ ስትተረጉም አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሯ ግን ምንም ሳትስቅ ብዕሯን አነሳች።

«ውሃው የት ድረስ ደረሰ?»

«እስከ ወንበሩ» አልኩ።

ጻፈችው! ይኸው ያን ሁሉ ዓመት የደበቅኩት ቅሌት የመንገዱ ከፍታ መለኪያ ሆነ።

እናንተንስ ውሃ ውስጥ የከተታችሁ የእንግሊዝኛ ቃል የትኛው ነው? ብቻዬን አታስቁብኝ።