ሰባት ጊታሮችና አንድ የጥፍር ሞረድ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጊታር ሸጣለች፤ መጫወት ግን አትችልም። የምትችለው አራት ድምፅ ብቻ ነው። ደንበኛ ሲመጣ አንዱን ጊታር ከግድግዳው ታወርድና ጭኗ ላይ አጋድማ እነዚያኑ አራት ድምፆች ሳታዛንፍ መትታ፣ “በል እንግዲህ፣ የቀረውን አንተ ጨርሰው” ብላ ታቀብለዋለች። ከሷ ሱቅ ክር ያልገዛ ጊታረኛ ስለሌለ ሰፈሩ እትዬ ክር የሚል ስም አወጣላት። ባሏ የሞተ ጊዜ ሱቁን ሽጪው ብሎ ያልመከራት ዘመድ አልነበረም። ሁሉንም አዳመጠች፣ ሁሉንም አመሰገነች፣ በሳምንቱ ሱቋን ከፈተች። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ሱቋ በጫማ ጠጋኝና በፎቶ ቤት መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። በመግቢያው ግራና ቀኝ ከፋብሪካ የሚመጡት ርካሽ ጊታሮች ይሰቀላሉ። የኋላው ግድግዳ ግን የጋሽ መላጊያ ብቻ ነው። እዚያ ሌላ ሰው የሠራው ጊታር ተሰቅሎ አያውቅም፤ አቧራ እንኳ ደፍሮ አያርፍበትም ብትባሉ እመኑ።

ጋሽ መላጊያ ከሁለት መንገድ ማዶ፣ ከጋራዥ ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ቤት ጊታር የሚሠሩ ሰው ናቸው። ስሙ የወጣላቸው መላጊያ ከእጃቸው ስለማይጠፋ ነው፤ ሰው ሲያነጋግራቸው እንኳ በአውራ ጣታቸው ስለቱን እየዳሰሱ ነው የሚመልሱት። አንድ ጊታር ለመጨረስ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ይፍጠኑ ያላቸውን ሰው ቀና ብለው ያዩትና ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይደግመውም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። የሠሩት ጊታር ሁሉ ዓመት ሲሞላው ወደሳቸው መመለስ አለበት። ጣውላ ክረምትና በጋ ሳይፈራረቅበት ጠባዩ አይታወቅም ባይ ናቸው። ያኔ አንገቱን ያቃናሉ፣ የላላውን ያጠብቃሉ፣ አምስት ሳንቲም አይቀበሉም። ሲጨርሱ በቀዳዳው እጃቸውን አስገብተው በጊታሩ ሆድ ውስጥ በእርሳስ አንዲት መስመር ያሰምራሉ። ባለሱቋም ለእያንዳንዱ ገዢ፣ “ዓመት ሲሞላው ካላመጣኸው ከኔም ከሳቸውም ጋር ተጣላን ማለት ነው” ብላ አስጠንቅቃ ነው የምትሸኘው።

ከዚያ ኑሮ ከበደ። ዳቦው ትንሽ ዋጋው ትልቅ ሆነ፤ ሰው ከእጅ ወደ አፍ መኖር ጀመረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጊታር ማን ይገዛል? የተበጠሰ ክር ቀጥሎ የሚጫወት ሁሉ መጣ። ፎቶ ቤቱ ከሰርግ ወደ ጉርድ ፎቶ ወረደ፣ ጫማ ጠጋኙ ብቻ ሥራ በዛለት። የጋሽ መላጊያ የመጨረሻ ሥራ ከኋላው ግድግዳ ላይ አራት ወር ተንጠልጥሎ ቆየ። ሽማግሌው በየሳምንቱ ብቅ ይሉና ጊታሩን አይተው፣ የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን ግን፣ “ይሄ ካልተሸጠ ይበቃኛል፣ እቴ። አፈርሰውና ጣውላውን መደርደሪያ አደርገዋለሁ” አሉ። አነጋገራቸው የቀልድ አልነበረም።

በማግስቱ ባለሱቋ ጊታሩን ልትወለውል አውርዳ ከባንኮኒው ስር አስቀምጣው ነበር። ጋሽ መላጊያ ገቡ። ባዶውን ምስማር አዩ።

“ተሸጠ እንዴ?” አሉ።

ፊታቸው እንዲያ ሲፈካ ካየችው ዓመት አልፏታል። የሚያስፈልገው፣ “አይ፣ እዚሁ ነው ያለው” ማለት ብቻ ነበር። አንጀቷን በሏትና፣ “አዎ ጋሼ፣ ትናንት ማታ ሄደ” አለች።

“ማን ገዛው?”

“አንዲት ነርስ” አለች፣ አፏ እንዳመጣላት። “ጣቶቿ ትንንሽ ናቸው። አንገቱን እንደምንም ነው የጨበጠችው።”

ውሸት ውሸት ነው፤ ለማሳመር አንሞክርም። የዚያን ዕለት ግን ሽማግሌው በሩን ሲወጡ ጫማ ጠጋኙን ስሙን ጠርተው ሰላም አሉት። ባለሱቋም ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደችና አልጋዋ ስር አስገባችው። ዋጋውን ከክር ትርፍ አሟልታ ለሠሪው ከፈለች።

ከስድስት ሳምንት በኋላ አዲስ ጊታር ይዘው መጡ። አንገቱ ከቀድሞዎቹ ሁሉ ይቀጥናል።

“ለነርሷ ብጤዎች ነው” አሉ። “ትንንሽ እጅ ያለው ሰው ለምን ይሠቃያል?”

ያ ጊታርም አልተሸጠምና ወደ ቁም ሳጥኗ ገባ፤ ለሱም አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ፈጠረችለት። ቀጥሎ የሒሳብ አስተማሪ መጣ፣ ከዚያ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ከዚያ መንትያ እህትማማቾች። ጋሽ መላጊያ ስለሁሉም ይጠይቃሉ። ሾፌሩ ጊታሩን ከመኪናው ሞተር አጠገብ እንዳያስቀምጥ መልእክት ይልካሉ፤ እሷም “ነግሬዋለሁ” ትላለች። በዓመት ውስጥ ሰባት ጊታር ሞላች። ቤቷ መላወሻ አጣ። የክሩ ትርፍም ዋጋቸውን አልችል ሲል በመጨረሻ ፍሪጁን ሸጠችው።

“እማዬ፣ ፍሪጁስ?” አለች ልጇ ከሥራ ስትመለስ።

“ምን የምናቀዘቅዘው አለንና?”

ልጇ የእናቷን ፊት አየችና ተወችው። ከራስጌዋ በላይ የተሰቀለውን ጊታርም ስታየው ከርማለች፤ እስኪነግሯት ትጠብቅ ነበር።

በዚህ መሃል የበርና መስኮት ድርጅት ባለቤት ጋሽ መላጊያን ፈልጎ መጣ። ቋሚ ሥራ፣ በየወሩ ደመወዝ፣ እንደርስዎ ያለ እጅ አጥቼ ነው ብሎ ለመናቸው። ሽማግሌው መልሳቸውን ለባለሱቋ ሊያወሩላት በሳቅ እየተፍለቀለቁ ገቡ።

“እምቢ አልኩት! ነርሷን፣ ሾፌሩን፣ ዳኛውን ትቼ የመስኮት ዘንግ ልላግ? ሰው በዚህ ኑሮ መሃል ጊታሬን ከገዛ እኔ እንዴት እሸሻለሁ?”

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረባት። እሷም ታውቀዋለች። እንጀራ ያዘለ ሥራ በሷ ውሸት ምክንያት ከሰውዬው እጅ ሲያመልጥ ቆማ አየች፤ እውነቱን ግን ዋጠችው። “ጎበዝ ጋሼ” አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፏ ቀለለ፣ ምግብም አልጥማት አለ።

ከዚያ የነርሷ ጊታር ዓመት ሞላው።

ጋሽ መላጊያ አንድ ሳምንት ጠበቁ። ሁለት ሳምንት ጠበቁ። “አልነገርሻትም እንዴ?” አሉ። “ነግሬያታለሁ፣ የተረኛ ሥራ በዝቶባት ይሆናል” አለች። በሦስተኛው ሳምንት፣ “እንግዲያው ቤቷን አሳዪኝ፤ እኔው ሄጄ አየዋለሁ” ሲሉ ቀልቧ ተገፈፈ። “ኧረ ምን በወጣዎት! ነገ አስመጣዋለሁ” አለች።

ዓመት ሙሉ የተጫወቱበት ጊታር ምልክት እንዳለው ታውቃለች፤ ስንቱን ተቀብላ ወደሳቸው ወስዳለች። በአንገቱ ላይ የተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች በክሩ ይበላሉ። ስለዚህ በዚያው ማታ በሯን ዘግታ ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አስተኛች፤ የጥፍር ሞረዷን አውጥታ አሥራ ዘጠኙንም ብረቶች ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ሳታስቀር፣ እኩል ሞረደቻቸው። ንጹሕ ሠራተኛ ናት፤ የጀመረችውን በግማሽ አትተውም። ሲያልቅ ጨርቅ አርጥባ ብናኙን ጠረገች። በሥራዋ ረክታ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ መላጊያ ጊታሩን ከመስኮቱ ስር ባለው ጠረጴዛቸው ላይ አጋደሙትና መነጽራቸውን አደረጉ። ባለሱቋ ቆማ ትጠብቃለች። በጣታቸው ከመጀመሪያው ብረት እስከ መጨረሻው ዳሰሱ። ከዚያ ከመጨረሻው እስከ መጀመሪያው ተመለሱ።

“ይቺ ነርስ” አሉ፣ “አሥራ ዘጠነኛው ላይም እንደ መጀመሪያው ነው የምትጫወተው?”

“ትለማመዳለች” አለች ባለሱቋ።

“ጀማሪ ሰው ዓመቱን ሙሉ እዚህ ሦስቱ ላይ ነው የሚውለው። ክሩ ሲበላው ደግሞ ከክሩ ስር ብቻ ትንሽ ትንሽ ይጎደጉዳል። ይሄ ዳር እስከ ዳር ተልጓል።” አንዱን ብረት ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። “በጥፍር ሞረድ።”

ከዚያ በኋላ ምን ይወራል? መጀመሪያ ወለሉን አየች፣ ቀጥሎ እጆቿን፣ በመጨረሻ እሳቸውን።

“ነርስ የለችም ጋሼ።”

“ሾፌሩስ?”

“የለም።”

“ዳኛውስ?”

“ማንም የለም። ሰባቱም እኔ ቤት ናቸው። ሦስቱ አልጋዬ ስር፣ ሁለቱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አንዱ ልጄ ክፍል። ሰባተኛው ይሄው ነው።”

ቢጮኹባት በቀለላት። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር። “አንቺ ሴት” አሉ ቀስ ብለው፣ “ገንዘቡን አይደለም የማዝነው። እኔ ለዚያች ልጅ ጣት ብዬ አንገት አቅጥኛለሁ። መላጊያውን በገፋሁ ቁጥር እጇን ነበር የማስበው። ሰው ያለኝ መስሎኝ ነበር።” መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። “ሂጂልኝ አሁን።”

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሱቋን አልረገጡም። የበርና መስኮቱ ቦታ ቀድሞ በሌላ ሰው ተይዞ ስለነበር ለምነው የግማሽ ቀን ሥራ እንዳገኙ ከጫማ ጠጋኙ ሰማች። ያን ዕለት ማታ ለልጇ ሁሉንም ዘርግፋ ነገረቻት። ልጇ አልተቆጣችም፤ ያለችው ነገር ቢኖር፣ “እማዬ፣ ሰው መግዛት ቢያቅተው መጫወት አላቃተው። አልጋሽ ስር ከሚተኙ ለምን በወር በወር አታከራዪአቸውም?” ነው።

ባለሱቋ ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ በዚያው ቀን ማስታወቂያ ትለጥፍ ነበር። ጊታሮቹ የራሷ ናቸው፣ ፍሪጇን ሸጣባቸዋለች። እሷ ግን ዐይኗን በጨው አጥባ ቆርቆሮ ቤቱ ድረስ ሄደችና በሩ ላይ ቆማ ፈቃድ ጠየቀች። ይሄን ነው ሰው የማይረሳላት። ጋሽ መላጊያ ከሥራቸው ቀና አላሉም። መላጊያቸው ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ።

“ዓመት ሲሞላቸው እንዲመለሱ ንገሪያቸው” አሉ።

እሷም ሌላ ቃል አልጠበቀችም። ማስታወቂያውን በካርቶን ጽፋ በሩ ላይ ሰቀለች። የመጀመሪያዋ ተከራይ ከመንገዱ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት፣ ፀጉሯ ላይ ዱቄት እንደ ተነሰነሰ የመጣች ሊጥ አቡኪ ነበረች። ባለሱቋ ያንኑ የነርሷን ጊታር አውርዳ አራቱን ድምፅ መታችላት፤ ሴትየዋም ጊታሩን እንደ ሕፃን ታቅፋው ሄደች። እስከ በጋው መጨረሻ ሰባቱም ከቤት ወጡ። ሀብታም ያደረገ ነገር አልነበረም፤ ሱቁ ግን አልተዘጋም። ጋሽ መላጊያም ጠዋት ጠዋት መስኮት እየላጉ ከሰዓት ወደ ጠረጴዛቸው ይመለሱ ነበር። ስምንተኛውን ጊታር ይሥሩ አይሥሩ ግን ማንም አያውቅም፤ እሷም ለመጠየቅ አፍ አልነበራትም።

ዓመቱ የሞላ ዕለት ሊጥ አቡኪዋ ቀኑን ሳታዛንፍ ጊታሩን አመጣችው። ባለሱቋ ሱቋን ለጫማ ጠጋኙ አደራ ብላ፣ ጊታሩን ታቅፋ ሁለቱን መንገድ በሩጫ አቋረጠች።

ጋሽ መላጊያ መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው የመጀመሪያው ብረት ላይ ቆመ። ከክሩ ስር ጎድጉዷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ከድሮው የጥፍር ሞረድ ሌላ ምንም የለም። ጀርባውን ገለበጡት፤ የሸሚዝ ቁልፍ ቫርኒሹን ጭሮታል። በቀዳዳው እጃቸውን አስገብተው ሲያወጡት ጣቶቻቸው ነጭ ሆነው ወጡ።

“ምንድነው ይሄ?”

“ዱቄት ነው። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው።”

ጋሽ መላጊያ የገዛ ጣታቸውን አዩ፤ ከዚያ በዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። “እንዴት አድርጋ አበላሽታዋለች ባክሽ! እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!” አሉ። እርሳሳቸውን ከጆሮአቸው ላይ አወረዱና እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው መስመሯን አሰመሩ። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ገና ያልተላገ የአንገት ጣውላ አወረዱ።

“ጣቶቿ እንዴት ናቸው?” አሉ። “ረጅም ናቸው አጭር?”

የባለሱቋ አፍ እንደ ልማዱ ሊቀድማት ተከፈተ። ዘጋችው።

“ልብ አላልኩም ጋሼ” አለች። “አሁን ሄጄ አይቼ እመጣለሁ።”