እኔና ስመኝ የተማርናቸው የትግል ቃላት

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ፍራሽ ልገዛ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጥቼ፣ ባለሱቁ አዲሱን ስፖንጅ ከላስቲኩ ሲያወጣው ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ዋጋ መጠየቄን ትቼ ቆሜ ቀረሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን እኔና ስመኝ ከትምህርት ቤት ስንወጣ የምንሮጥበት፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረው አዳራሽ እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ መሬቱ ላይ ስፖንጅ ተነጥፎ፣ በላዩ የጭነት መኪና ሸራ ተወጥሮ፣ ከሸራው በላይ ደግሞ የእኛ ላብ።

ስመኝ የጎረቤታችን የመሪጌታ ልጅ ነበረች። ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት አሰልጣኝ የብራዚል ጁጂትሱ የሚባል፣ ጡጫም እርግጫም የሌለበት፣ መሬት ላይ ተያይዘው የሚታገሉት ስፖርት ሊያስተምር ነው ሲባል ሰምታ፣ እጄን እየጎተተች የወሰደችኝ እሷ ናት፤ ሴቶቹ እኛ ብቻ ስለነበርንም ሁልጊዜ የምንታገለው እርስ በርሳችን ነበር። አሰልጣኙ ቃላቱን ሳታውቁ አትነካኩም ብሎ፣ «ጋርድ» ማለት ዘበኛ ሳይሆን በጀርባ ተኝቶ ባላጋራን በእግር መከላከል እንደሆነ፣ «ታፕ» ማለት በእጅ መታ መታ አድርጎ በቃኝ ማለት እንደሆነ፣ ያን ያለ ሰውም ወዲያው መለቀቅ እንዳለበት አስጠናን። ወገብን እያሸሹ ከሥር ማምለጥን «ሽሪምፕ» ሲለው ግን እርስ በርስ ተያየን።

«የባሕር ፍጥረት ነው፤ ጎብጦ ወደ ኋላ የሚዋኝ» አለ።

«በጾም ይበላል?» አለች ስመኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል። አሰልጣኙ ራሱ ከሳቁ ብዛት ሸራው ላይ ተቀመጠ።

ልጅዎ ወንዶች መሃል ትታገላለች ብለው ለአባቷ የነገሯቸው ጊዜ፣ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ስመኝ ደረቴ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ይሄ ምን ይባላል?» አሉ።

«ማውንት ነው፣ የኔታ» አለ አሰልጣኙ።

«ኮርቻ በሉት እንጂ! ተቀምጣባት የለ እንዴ?» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ማውንት ያለ ሰው አልነበረም።

አሰልጣኙ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፣ አዳራሹም ዳግመኛ እህል ተከመረበት፤ ስመኝ አስተማሪ ሆና ደብረ ኤልያስ ተዳረች። ለበዓል በመጣች ቁጥር የኔን ቤት ወንበሮች ወደ ግድግዳ ገፍተን እንታገል ነበር፤ ባሌ በር ላይ ቆሞ ጤና የላችሁም እያለ።

የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ዓመት ጦርነት ገብቶ መንገድ ተዘጋ። ምጡ ሲጠናባት መኪና ስላልተገኘ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ማርቆስ ተነሱ፤ እሷም ሆነ በሆዷ የነበረው ልጅ አልደረሱም። ስልክም ተቋርጦ ስለነበር አባቷም እኔም የሰማነው ተቀብራ ከሰነበተች በኋላ ነው። ያን ዕለት ምን ስሠራ እንደዋልኩ አላስታውስም፤ ምናልባትም ስስቅ ውዬ ይሆናል።

የኔታ ዘንድ ሄጄ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ያን ጨዋታ ዛሬም ትጫወቺዋለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ተውኩት፣ የኔታ። ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

እንዲያ ለዓመታት የታገሉት ሰው እናት የማታውቀውን ያውቃል። የትኛው ትከሻዬ እንደሚደክም፣ ስናደድ ምን ዓይነት ስሕተት እንደምሠራ ስመኝ ታውቅ ነበር፤ ስፈራ ትንፋሼን እንደምይዝ የነገረችኝም እሷ ናት። ዛሬ ባሌ መንገድ ወጥቶ ሲዘገይ፣ ከሩቅ የተኩስ ድምፅ ስሰማ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ። ተንፍሺ የሚለኝ የለም።