የእጄ ላብና የመድኑ ሹም

ልብስ መስፋት ያስተማረኝ ሰው የለም። አሮጌ ኮት እየፈታሁ፣ መልሼ እየሰፋሁ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ቁስቋም አካባቢ የእኔን ያህል ኮት በትከሻ ላይ የሚያሳርፍ ልብስ ሰፊ እስካሁን አልመጣም፤ የሚመጣም አይመስለኝም።

ካረጀሁ በኋላ ግን እጄን ያልበኝ ጀመር። በሙቀትም በብርድም መዳፌ ይንጠባጠባል። ነጭ ጨርቅ በነካሁ ቁጥር እድፍ ይቀራል። አንዲት እናት የልጇን የሰርግ ቀሚስ ከእጄ ነጥቃ ለሌላ ሰፊ ሰጠችብኝ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ "ይህ በሽታ ነው፣ ይታከማል" ብሎ የሚቀባ መድኃኒት አዘዘልኝ። ውድ ስለሆነ ጤና መድን ካልሸፈነው የምችለው አልነበረም። የመድን መዋጮዬን ደግሞ አጓድዬ አላውቅም።

ማዘዣውን ይዤ የሄድኩበት የመድኑ ሹም ጎልማሳ ነው። ከጨበጠኝ በኋላ እያየሁት መዳፉን በሱሪው ጠረገ።

"አያ፣ ላብ እኮ በሽታ አይደለም" አለኝ። "ይህ የማማር ጉዳይ ነው። በዚህ ዕድሜዎ ለማን ሊያምሩ ነው?"

ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። እኔ ማዘዣዬን አጣጥፌ ወጣሁ። ስድብ የምረሳ ሰው ግን አይደለሁም።

ክረምቱ ሲወጣ ይኸው ሰው ደጄ መጣ። ከኮሶዬ ደጋ የሆነች አንዲት መምህርት ሊያገባ ፈልጓል። አባቷ አበልጄ ነው፤ እኔ ሽማግሌ ሆኜ ካልሄድኩ እንደማይድራት ነግረውታል። ማን መሆኔን ያወቀው እጄን ስዘረጋለት ነው። ያን እርጥብ እጅ ጎንበስ ብሎ ሳመው።

"ምነው፣ አፍህን አትጠርግም?" አልኩት።

"አያ፣ ይማሩኝ።"

"በእንዲህ ያለ እጅ የሰው ልጅ አይለመንም። ይድረቅና እሄድልሃለሁ።"

ሳምንት ሳይሞላ መድኃኒቱ በመድን ተፈቀደልኝ። ለካ ቀድሞም ደንቡ አይከለክልም ኖሯል። መዳፌ ደረቀ፤ ነጭ ጨርቅ ወደ ቤቴ ተመለሰ። እኔም ቃሌን ጠብቄ ሁለት ጎረቤቶቼን ይዤ ኮሶዬ ወጣሁ።

በእኛ አገር የልጅት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። "ከዘመድ ልማከር፣ ተመለሱ" ይላል። ስንት ጊዜ እንደሚያመላልስ የሚያውቀው እሱ ነው። አበልጄን ለብቻው ጠርቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

"ልጄ ወዳዋለች፤ መስጠቴ አይቀርም" አለ።

"አይቀርም። ግን አትቸኩል።"

ልጅቱ ከጓዳ ትሰማን ኖሮ ብቅ አለች። "እውነት እንዲያ ብሎዎታል? እንግዲያ ትንሽ ይቁም" አለች።

ሽማግሌ የላከ ሰው ደጅ አይደርስም፤ ታች አስፋልቱ ዳር ይጠብቃል። የኮሶዬን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ እሳት ዳር ከአበልጄ ጋር ጠላዬን ሳልጨርስ አልነሳም።

ባለፈው ስንወርድ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ አገኘነው።

"አያ፣ ዛሬስ ምን አሉ?"

"ሸጋ ነው። የእናቷ ወንድም ከቋራ እስኪመጣ ብቻ እንጠብቅ ብለዋል።"

እናቷ ወንድም የላትም።