ቀይዋ ማዞሪያ

ሴትዮዋ ኮምፒውተሩን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አስደግፋ ወደ ጥገና ቤቱ ገባች። ሃምሳውን አልፋለች። ከቤት የወጣችው በጥድፊያ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳዋለች።

«አቧራውን ስጠርግ ከኋላው ያለችውን ቀይ ማዞሪያ ነካኋት» አለች ለጠጋኙ። «ስሰካው ጧ! አለና ጨሰ። ገደልኩት፣ ልጄ! የሰባት ዓመት ልፋታችን ነው ውስጡ ያለው።»

ጠጋኙ ማዞሪያዋን አያት። 230 ቮልት ላይ መሆን ሲገባት 115 ላይ ቆማለች። ክዳኑን ሲፈታው የተቃጠለ ሽታ አፍንጫውን መታው። የነደደውን ፓወር ሰፕላይ አውጥቶ ሌላ መግጠም ጀመረ። ቁጭ ይበሉ ቢላትም እንቢ ብላ ቆማለች።

«ምን ብዬ ነው የምነግረው?» ትላለች ደጋግማ፣ ለራሷ።

ማን እንደሆነ መጠየቁን ፈራ።

ገጥሞ ሲጨርስ ከሱቁ ስክሪን ጋር አገናኝቶ አበራው። በመቶ የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ተደረደሩ። በሁሉም ላይ አንድ ወጣት በእጆቹ ምልክት ሲሠራ ይታያል፤ ከሥሩ «ዝናብ»፣ «ቁጣ»፣ «ይቅርታ» የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል።

«የተቃጠለው ኤሌክትሪክ የሚያስገባው ዕቃ ብቻ ነው፣ እናቴ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።»

«እፎይ!» ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ወዲያው ስልኳን አውጥታ በቪዲዮ ደወለች። ያው ወጣት ብቅ አለ፤ ዓይኖቹ ቁርጥ የእሷን ናቸው። አንዲት ቃል ሳትተነፍስ በነፃ እጇ ብዙ ነገር ነገረችው። እሱም ግንባሩን ያዘ። ከዚያ እናትና ልጅ እንባቸው እስኪወርድ ያለ ድምፅ ሳቁ።