ደወል የጫነችው ጀልባ

እኔ አንኮበር ተወልጄ ያደግሁ፣ ከደጃችን ምንጭ የሰፋ ውኃ ሳላይ ድምፄ የጎረነነ ሰው፣ በጥቅምት ወር በሸራ ጀልባ የታጁራን ባሕር ወደ ደቡብ ሰንጥቄ ዘይላ ገብቻለሁ። መግባት ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ ልትገለበጥ ሆዷን ያሳየችውን ጀልባ ባንድ የጩቤ ምት ያዳንኳት እኔ ነኝ። አውቃለሁ፣ አላመናችሁኝም። ጎረቤላ ገበያም ያላመነኝ ሰው ሞልቷል፤ ባለቤቴ ራሷ ካገባችኝ ሃያ ዓመት ሆኗት እስካሁን እያጣራች ነው።

ነገሩን ዛሬ ጠዋት ያስታወሰኝ ሽታ ነው። የክረምቱ እርጥበት ገና ከግድግዳው አልወጣምና ምሰሶው ላይ የሰቀልኩት ቁራጭ ገመድ እንደ ልማዱ መሽተት ጀመረ። ከክንድ የማይበልጥ፣ ከምን ዓይነት ልጥ እንደተገመደ የማላውቀው፣ የዓሣ ዘይት የጠገበ ገመድ ነው። በበጋ ዝም ይላል፤ አየሩ ሲረጥብ ግን ጨው ጨው፣ ዓሣ ዓሣ እያለ ቤቱን የባሕር ዳር ያደርገዋል። ባለቤቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «ይህን የሞተ እባብ ወይ ቅበረው ወይ ተዝካሩን አውጣለት» ትለኛለች። እኔ ግን ያ ሽታ ሲደርሰኝ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ወገቤ ቀጥ ይላል፣ ጥርሴም ሙሉ ነው።

ያን ጊዜ ንጉሡ ጓዛቸውን ወደ እንጦጦ ካወጡ ጥቂት ዓመት ቢሆን ነው። እኔ ከአጎቴ ከተክሌ ጋር ነበርኩ። አጎቴ የበቅሎ ነጋዴ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሰው ጋር ሲጣሉ የሚስቁ፣ ከበቅሎ ጋር ሲጣሉ የሚያለቅሱ ሰው። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው፣ ጭነት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ጭነትን በሚመለከት በሸዋ የሚወዳደረኝ አልነበረም፤ ዛሬም የለም፣ ጉልበቴ እምቢ አለ እንጂ። የጭነት ምስጢሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን፤ ወደ ግራ ካዘነበለ ቀኙ ላይ ድንጋይ ጨምር። ሁለተኛው፣ ጭነት ዞሮ በቅሎዋን ወደ ገደል ከጎተታት ሳታስብ ጠፍሩን ቁረጥ፤ ዕቃው ይሂድ፣ ነፍስ ያላት ትትረፍ። እነዚህን ሁለቱን ያወቀ ሰው ዓለምን በሙሉ ያውቃል ብዬ አምን ነበር።

ባሕር ድረስ ያወረደን የአጎቴ ስለት ነው። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደወል ያን ጊዜ ከዛፍ የተንጠለጠለ ድንጋይ ነበር፤ በድንጋይ ሲመቱት «ቀው» ይላል። ከገደሉ ማዶ ያለው ደብር ግን የብረት ደወል አስመጥቶ በየሰንበቱ ሲያንጎደጉድ፣ የእኛው ከእንጨት ፈላጭ የማይለይ ሆኖ ቀረ። ማዶዎቹ ገበያ ላይ ሲያገኙን «እናንተ ዘንድ ትናንት ቅዳሴ ነበር ወይስ ቤት ይሠራል?» እያሉ ይጠይቁናል። አንድ ክረምት አጎቴን ንዳድ ጣላቸውና፣ ቄሱ ባሉበት «ከዳንኩ ከባሕር ማዶ ደወል አስመጣለሁ» ብለው ተሳሉ። በማግስቱ ዳኑ። «ሁለት ቀን ብታገሥ ኖሮ በአንድ ጧፍ እገላገል ነበር» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ግን ስለት ስለት ነው፣ አይታጠፍም።

ደወሉ በነጋዴ ታዞ ታጁራ ደረሰ ሲባል ከአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ጋር ወረድን። የመንገዳችን መሪ ኑሩ ይባላል፤ የአሊዩ አምባ ሰው፣ አራት ቋንቋ የሚያውቅ፣ በአራቱም የሚያሾፍ። ታጁራ ደርሰን ደወሉን ስናየው ከጉልበቴ ከፍ ይላል፣ አራት ሰው ካልተጋገዘ አይነሳም፤ አጎቴ ጫማቸውን አውልቀው ተሳለሙት። ችግሩ፣ በመጣንበት በረሃ ከኋላችን ጠብ ተነሥቶ የነጋዴ ቅፍለት ተመታ፣ መንገዱ ተዘጋ። ኑሩ አሰበና በጀልባ ወደ ደቡብ ዘይላ እንሻገር፣ ከዚያ በግመል በሐረር በኩል እንዙር አለ።

አጎቴ ባሕሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ውኃ ላይ መንገድ አለ?»

«አለ፣ አያ ተክሌ። ያውም አቀበት የሌለው።»

አጎቴ ጀልባዋን እንደሚገዟት በቅሎ ሁለት ጊዜ ዞሯት። ጎኗን መታ መታ አደረጉ፣ ዕድሜዋን ጠየቁ፣ ከዚህ በፊት ሰው ጥላ ታውቅ እንደሆነ በኑሩ በኩል አስጠየቁ። የጀልባዋ አለቃ ዑመር የሚባል፣ ፊቱ እንደ አሮጌ ኮርቻ የተሰነጣጠቀ ሽማግሌ ነበር። «የጣለችውን ማን ሊነግርህ ይመለሳል በለው» አለ። አጎቴ ይህን መልስ ወደዱት፤ እውነተኛ ነጋዴ ነው አሉ።

መርከበኞቹ ደወሉን ከሸራው ምሰሶ ፊት ለፊት፣ መሐል ለመሐል አስቀምጠው በጨው ከረጢት ደገፉት፤ በማለዳ ወደቡን ለቀቅን። አገራችን በጥቅምት ተልባው ሲያብብ ማሳው እንዴት ሰማያዊ ሆኖ በነፋስ እንደሚተኛና እንደሚነሣ አይታችኋል? ያን ማሳ ድንበር የሌለው አድርጉትና፣ ከሥሩ አንድ ትልቅ ከብት ተኝቶ እየተነፈሰ ነው በሉ፤ ባሕር ማለት እሱ ነው። በቀኛችን ዛፍ ያልበቀለባቸው ቡናማ ተራሮች ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ በግራችን ምንም የለም፣ እስከ ሰማይ ድረስ ምንም። ከጀልባዋ ጎን ነጫጭ ወፎች እንደ ለማኝ ይከተሉናል። ሰዎቹ ሁሉ ሆዳቸው ሲገለበጥ እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ቁርሴን ለዓሦቹ የሰጠሁት በቸርነት ነው።

ረፋዱ ላይ የዑመር ሰዎች ዓሣ ጠብሰው ጋበዙን። አጎቴ እጃቸውን ሰብስበው «ማን አረደው?» አሉ።

«ዓሣ ማን ያርደዋል፤ ከውኃ ሲወጣ ራሱ ይሞታል» አለ ኑሩ።

«እንግዲያው በክት ነው።»

«አያ ተክሌ፣ የእናንተ ሐዋርያት ዓሣ አጥማጆች አልነበሩም እንዴ?»

«ነበሩ። እነሱ ሲያጠምዱ ግን ጌታ አብሯቸው ነበር። እዚህ ያለው ዑመር ነው።»

ኑሩ ይህን ወደ ዓረብኛ አልመለሰውም። አጎቴ በሷቸውን በጥብጠው ጠጡ፣ እኔ ግን ጀርባቸውን እስኪሰጡኝ ጠብቄ ሁለት ዓሣ በላሁ።

ይኸኔ ነው ነገሩን ያስተዋልኩት። ነፋሱ ከየብሱ፣ ከቀኛችን ይመጣል፤ ጀልባዋም ወደ ግራ አዘንብላ ትሄዳለች። ትንሽ አይደለም፣ የግራ ከንፈሯ ውኃውን እየላሰ ነው። አጎቴን አየኋቸው፤ አጎቴም አዩኝ። ጭነት ተዛብቶ ዝም የሚል ጫኝ በአንኮበር አልተወለደም። ዑመር ኋላ መሪውን ይዞ ተቀምጧል፤ ሸራው እንደ መጋረጃ ከልሎን እኛን አያይም። ሰዎቹ በልተው ተኝተዋል። ኑሩን ቀሰቀስነው፤ «የባሕሩን ነገር ለባሕር ሰው ተዉለት» ብሎ ጥቂት ተከራከረ፤ በመጨረሻ እኛ ስንንፏቀቅ አይቶ አዘነልንና አገዘን። ሦስት ሆነን፣ አንዴ በትከሻ አንዴ በጀርባ እየገፋን፣ ደወሉን ወደ ቀኝ ጎን አወጣነው፤ ስድስት ከረጢት ጨውም አስከተልነው። ጠፍራችን በባሕር ውኃ ርሶ ስለላላ ከጀልባዋ ትርፍ ገመድ ወስጄ ደወሉን ቀኝ ጎን ካለው ችካል ጋር እኔው ራሴ አሰርኩት።

ጀልባዋም ቀና አለች። እንደተገራች በቅሎ ቀጥ ብላ መጋለብ ጀመረች። ከሸራው ኋላ ዑመር ዛሬ ነፋሱ እንዴት ያለ ጨዋ ነው እያለ ሲያመሰግን ኑሩ ተረጎመልን። አጎቴ ትከሻዬን መታ አድርገው «እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን በተዛባ ጭነት ነው የኖሩት» አሉ። እኔም ዘይላ ስንደርስ ለመርከበኞቹ ጭነት ላስተምራቸው ወሰንኩ።

የማናውቀው ነገር፣ የባሕር ነፋስ እስከ ቀትር አንድ ጌታ፣ ከቀትር በኋላ ሌላ ጌታ እንዳለው ነው። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ የየብሱ ነፋስ ቀጥ አለ። ሸራው እንደ ደረቀ የላም ጡት ተልፈሰፈሰ። መርከበኞቹ ተነሥተው ሸራውን ወደ ቀኝ አዞሩና ገመዱን ያው እኔ ደወሉን ያሰርኩበት ችካል ላይ ቋጠሩት። አንደኛው ደወሉን እዚያ ቢያየው አፉን ከፈተ፤ ቃሉን ሳይጨርስ ነፋሱ ከግራችን፣ ከሰፊው ባሕር ደረሰ።

በቅሎ ቢሆን ትወድቃለች፣ ታበቃለች። ጀልባ ግን ቀስ ብላ ነው የምትገድለው። ወደ ቀኝ ዘመመች፤ ደወሉ እዚያው፣ ጨዉ እዚያው፣ ነፋሱም ወደዚያው። የቀኝ ከንፈሯ ጠለቀ፣ ባሕሩ እየተንዶለዶለ ገባ፣ ወፎቹ እንኳ ትተውን ሄዱ። ዑመር ይጮሃል። ኑሩ ምሰሶውን አቅፎ «የደወሉን ገመድ ቁረጡና ወደ ባሕር ልቀቁት ነው የሚለው» አለ።

አጎቴ ደወሉ ላይ በሙሉ ቁመታቸው ተዘርግተው አቀፉት። «ስለቴን ለዓሣ አልከፍልም» አሉ። «ከጣላችሁት ከእኔ ጋር ነው።»

ጩቤዬን መዘዝኩ። በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ችካሉ ጋ ደረስኩና ገመዱን ቆረጥኩት። ሸራው እንደ መድፍ ጮኾ ተፈታ፣ ነፋሱ ባዶ ሜዳ አግኝቶ አለፈ፣ ጀልባዋም ውኃዋን እያንጠባጠበች ቀና አለች። የዳነው ሁሉ እዚያው በተቀመጠበት ቀረ። አጎቴ ብቻ ሊነሡ ሞከሩና እንደ ታሰረ በግ ተመልሰው ወደቁ። ሳናያቸው ወገባቸው ላይ የሚጠመጥሙትን ድግ ፈትተው፣ ራሳቸውን ከደወሉ ጆሮ ጋር በሦስት ቋጠሮ አስረው ነበር።

ዑመር መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ የሸራውን ገመድ መቁረጥ የተፈተነ መርከበኛ ዕውቀት ነው፣ ይህ ልጅ ባሕር ላይ ነው የተወለደው አለ። የተቆረጠውን ጫፍም መታሰቢያ ይሁንህ ብሎ ሰጠኝ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ተቀበልኩ። ደወሉን ማን ወደ ቀኝ እንዳወጣው ሲጠይቅ ሦስታችንም ተራሮቹን እናይ ነበር።

አሁን ባለቤቴ እንኳ የማታውቀውን ልንገራችሁ። እኔ የጨበጥኩት የደወሉን ገመድ መስሎኝ ነው። ሸራ ምን እንደሆነ፣ ነፋስ ምን እንደሚያደርገው ምን አውቄ? የማውቀው ያንን ሁለተኛውን ምስጢር ብቻ ነበር፤ ጭነት ሲጎትት ቁረጥ፣ ዕቃው ይሂድ። ሁለቱ ገመዶች ያው ዓይነት፣ ያው ችካል ላይ፤ ዓይኔ ጨው ሞልቶታል፤ ሳትኩ። ባልስት ኖሮ ደወሉ ይሄድ ነበር፣ ደወሉ ሲሄድ አጎቴም በድጋቸው ተጎትተው ይሄዱ ነበር። ኑሩ ብቻ አይቶኛል። ዘይላ ስንወርድ ጠጋ ብሎ «አላህ እጅህን ከልብህ አስበልጦታል» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሣውም።

አጎቴ ግን ታሪኩን ከሐረር እስከ ጣርማ በር አዳረሱት። በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ ገመዱ እየወፈረ፣ ማዕበሉ እየረዘመ፣ እኔም እየጎበዝኩ ሄድኩ። ደወሉ ተሰቅሎ ማዶዎቹ ዝም ያሉ ቀን፣ ሕዝቡ ፊት እጄን ይዘው «ይኸው፣ ይህን ደወል ያዳነው ይህ እጅ ነው» አሉ። እጄ በኀፍረት ምን ያህል እንደቀለለች ልነግራችሁ አልችልም።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ሲደክሙ አልጋቸው ጋ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። «አጎቴ፣ ልቆርጥ የነበረው የእርስዎን ገመድ ነው» አልኳቸው። አተኩረው አዩኝና፣ በዚያ በደከመ ድምፃቸው ሳቁ። «ተው እንግዲህ፤ ዕድሜ ልክህን ጉራ ስትነዛ ኖረህ፣ ትሕትና ዛሬ ከየት መጣብህ?» አሉ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ሲዋሽ ሁሉም የሚጠራጠረው ሰው፣ አንድ ቀን እውነት ቢናገር ማን ይስማው።

ዛሬ የባሕሩ ዕቃ በባቡር ይመጣል፤ ከአሊዩ አምባ እንደዚያ ረጅም ሆኖ የሚወርድ ቅፍለት የለም። ግራና ቀኙን አይቶ የሚጭን ልጅም አላይም። ደወሉ አለ፤ ሲደወል ግን ከሥሩ ቆመው አናታቸውን እየነቀነቁ «ስለቴ» የሚሉት ሰውዬ የሉም፤ ድምፁም ለእኔ በዚያው ልክ ጎድሏል።

ካላመናችሁኝ በገበያ ቀን አሊዩ አምባ ውረዱ። ኑሩ አርጅቷል፣ ጆሮውም ከብዷል፤ ጮክ ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ ይስቃል፣ ታገሡት። እሱ ዝም ካለ እኔ ቤት ኑና ገመዱን ጠይቁት፤ ጫፉን በፀሐይ አውጥታችሁ እዩት። የጀግና ቁርጥ ቀጥ ያለ ነው፤ ይህኛው ግን ጠማማ ነው፣ የቆረጠው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንደነበር ይመሰክራል።