ለከድጃ የመረጥኩት ሮብ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም። ጎረቤቴ ይመር ግማሹን በጆሮው ሰምቷል። ሙሉውን የሚያውቁት አላህ፣ እኔና አንዲት አፈር የለበሰች ሴት ነን። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ሚስቴ ከድጃ ታማ ደሴ ወስደናት ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፣ «እንግዲህ ወደ ቤት ውሰዷት፤ ብርድ ብቻ እንዳያገኛት» አለን። እኔ የሰማሁት «ወደ ቤት ውሰዷት» የሚለውን ብቻ ነው። ከተማችን መካነ ሰላም እስክንገባ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ስታንቀላፋ፣ እኔ በልቤ የመቃብሯን ቦታ እመርጥ ነበር። ሰው ትንፋሿ አንገቱ ላይ እየሞቀው ሚስቱን ይቀብራል? እኔ ቀብሬያለሁ።

ከድጃ ብትታመምም ሰላት አትተውም። ውሃ ቢሞቅላትም፣ ታጥባ ስትነሳ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር የምትሰግደው። አገራችን ደጋ ነው፤ በሐምሌ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ዓረብ አገር ያለችው ልጃችን ዘሐራ ይህን ስትሰማ «ሮብ ልላክላት» አለች። ሮብ የሚሉት ገላ ታጥበው ሲወጡ የሚደርቡት፣ እንደ ካፖርት ሰፊ ሆኖ ወገብ ላይ በመቀነት የሚታሰር ልብስ ነው።

አንድ ቀን ከሱቅ ውስጥ ሆና መልኳን በሚያሳየው ስልክ ደወለች። ሁለት ሮብ አንስታ አሳየችኝ። አንዱ ከወፍራም ፎጣ የተሰፋ፣ ቡናማ፣ አንገት ድረስ የሚሸፍን ነው። ሌላው ቀጭን፣ ሐምራዊ፣ የሚያብለጨልጭ።

«አባየ፣ ወደ አገር የምትገባው ጓደኛዬ ሻንጣዋ ሞልቷል። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ብቻ ነው የምትይዝልኝ፤ አንዱ ለእማየ፣ አንዱ ለእርስዎ። እኔ ወፍራሙን ለእማየ አስቤ ነበር። ግን እንዳይከብዳት፣ እስኪ ይጠይቁልኝ። እሷ ትምረጥ።»

«ቆይኝ» አልኳትና ስልኩን መደቡ ላይ አስቀምጬ ወደ ጓዳው ሄድኩ። መጋረጃው ፊት ቆምኩ። አልገለጥኩትም። አራት አምስት ጊዜ ተነፈስኩና ተመለስኩ።

«ወፍራሙ ይከብደኛል፣ ቀጭኑ ይሻለኛል ብላለች» አልኳት።

«እማየ ናት እንዲህ ያለችው?»

«አዎ፣ እሷ ናት።»

ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። በሰው አፍ ዋሸሁ፤ ያውም በበሽተኛ አፍ።

ይመር ሊጠይቃት መጥቶ እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ሳቅ አለና፣ «አንተ ሰውዬ፣ መጋረጃው ነው እንዴ የመለሰልህ?» አለኝ።

«ተወኝ ይመር። እሷ እንደሆነች ዛሬ ነገ የምትባል ናት። ወፍራሙን ለአጣቢዋ ላልብሳት?»

ሳቁን ዋጠው። «ኧረ ቀስ በል፣ ትሰማሃለች።»

«ተኝታለች» አልኩት።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት፣ የለበሰው ልብስ ጀናዛውን፣ አስከሬኑን ላጠበው ሰው ይሰጣል። እኔ ያን ነው ያሰብኩት። መልካሙ ልብስ ሳምንት ሳይለበስ ሰው ቤት እንዳይገባ። እኔ የምሰነብት፣ እሷ የምትሄድ መሰለኝ። ማን ነገረኝ? ዕድሜን የምሰፍር እኔ ነኝ?

ከድጃ አልሞተችም። ሁለት ክረምት ኖረች።

ሁለት ክረምት ሙሉ በሱብሂ፣ በንጋቱ ሰላት ሰዓት፣ እሷ ሐምራዊውን ደርባ ስትንቀጠቀጥ፣ እኔ ቡናማው ውስጥ ሞቆኝ ጎኗ ነበርኩ። ስንት ጊዜ አውልቄ ላለብሳት አስቤያለሁ። ግን ዘሐራ በስልኩ ስታያት፣ «ይከብደኛል ብላ አልነበር?» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ጋቢ ደረብኩላት፣ እሳት አነደድኩላት፣ ሮቡን ግን አልሰጠኋትም። ውሸቴ እንዳይበርደው እሷን ለብርድ ሰጠኋት።

አንድ ቀን ዘሐራ፣ «እማየ፣ የመረጥሽው ሮብ ተስማማሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ከድጃ ስልኩን ትታ እኔን አየችኝ። ከዚያ፣ «ተስማምቶኛል ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ» አለቻት። ስልኩን ስትመልስልኝ የሐምራዊውን መቀነት አጠበቀች። እኔም አልጠየቅኋትም።

በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ እግሯ አልነሳ አላት። አንድ ማለዳ ከንፈሯ ጠቁሮ ሳያት አላስቻለኝም። ቡናማውን አውልቄ ትከሻዋ ላይ ጣል ሳደርገው፣ በዚያ በደከመ እጇ ገፋችው።

«ተወው፣ የዘሐራ አባት። ለአጣቢዋ ቀጭኑም ይበቃታል።»

አልተቆጣችም። እንደ ደግ ነገር ነበር የተናገረችው። ለካ ያን ቀን ከይመር ጋር ስናወራ አልተኛችም ነበር። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከእኔ ጋር አብራ ስታሳድር ነበር። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሐምራዊውን አጣቢዋ ወሰደችው።

ዘንድሮ ዘሐራ ጠቅልላ ገባች። ሻንጣዋን ስትፈታ ያንኑ የመሰለ ቀጭን ሐምራዊ ሮብ አወጣች። «እማየ የወደደችው ነው፤ ትዝታዋ ብዬ ገዛሁት» አለችኝ። አሁን በየማለዳው ታጥባ እሱን ደርባ ትወጣለች። እሷም ብርድ አትችልም፣ በእናቷ ወጥታለች። «ወፍራም ነገር ልበሽ እንጂ ልጄ» ስላት፣ «እማየ በሽተኛ ሆና ችላው የለ?» ትለኛለች። ለጎረቤት ሁሉ፣ እናቷ ቀጭን ልብስ እንደምትወድ ታወራለች። እኔም አብሬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ይኸው ሦስተኛው ውሸቴ ነው፤ በየቀኑ የምዋሸው።

አፉ በሉኝ አልላችሁም። አፉ ማለት የምትችለው ያችው ሴት ነበረች፤ ዕድል ሰጥታኝ ዝም አልኩ። እርጅና ነው፣ ድንጋጤ ነው ብላችሁም አታመካኙልኝ። ያን ቀን አእምሮዬ ሙሉ ነበር፤ የትኛው ሮብ እንደሚሞቅ አሳምሬ አውቅ ነበር።

ይህን ወረቀት አጥፌ ቡናማው ሮብ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ። ሮቡን ዘሐራ አልጋ ላይ አስቀምጬ ወደ መስጊድ እሄዳለሁ። ስመለስ ፊቷን የምታዞርብኝ ከሆነ ታዙር።

ልጄ፣ እናትሽ ቀጭኑን አልመረጠችም። አልጠየቅኋትም።