በአቀስታ መንገድ የገዛነው ጊዜ

በጥቅምት መጨረሻ፣ ጠዋት ከደሴ ስንነሳ መኪናው ውስጥ ሦስት ነበርን። የሚነዳው ድራጋን የሚባል ሰርቢያዊ ነው፤ የውሃ ጉድጓድ በምንቆፍርበት ድርጅት የፓምፕ ባለሙያ። ከኋላ የተቀመጠው ባልደረባችን ሙሉቀን ነው፤ የመካነ ሰላም ልጅ፣ የቄስ ልጅ፣ ሳቂታ። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ፤ አፏ አያርፍም ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። የምንሄደው የሙሉቀን እናት እማማ ጥሩዬ ታመው ነው። ለሙሉቀን የነገርኩት ይህን ነው። እኔ ግን የተሳፈርኩት ሞተዋል ብዬ ነበር።

ዋዜማውን ማታ የደወሉልኝ አጎቱ ቄስ ይመር ናቸው። "እቱ፣ እናቱን ትንሽ አሟታል። ነገ በጠዋት ይዛችሁልን ኑ" አሉኝ። በእኛ አገር ይህን አነጋገር የማያውቅ ማን አለ? "ትንሽ አሞታል" ከተባለ ሰውየው ተቀብሯል። ልጁን ትተው ለእኔ መደወላቸውስ? መርዶ በስልክ አይነገርም። ሐዘንተኛው ምንም ሳይሰማ ቤቱ ይገባል፣ ያድራል፣ ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይነግረዋል። ስለዚህ "እሺ አባቴ" ብዬ ዘጋሁ። መጠየቅማ ነውር ነው! ቄስ ተይዞ "ሞቱ እንዴ?" ይባላል?

ጉጉፍቱ

ዳገቱን ስንጨርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጉጉፍቱ ላይ ሻይ እንጠጣ አልኩ። ሙሉቀን በግ ከሚነዳ ሰውዬ ጋር ወሬ ሲይዝ ለድራጋን በእንግሊዝኛ ሹክ አልኩት፦ እናቱ አርፈዋል፣ እሱ አያውቅም፣ መድረስ ያለብን ሲመሽ ነው። በቀን ከገባን የለቅሶውን ድንኳን ከሩቅ አይቶ መንገድ ላይ ይወድቅብናል።

ድራጋን ብርጭቆውን አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ። "ኩፑዬሞ ቭሬሜ" አለ በቋንቋው። "ጊዜ እንገዛለን" ማለት ነው አለኝ። እነሱ አገር ተማሪ መልሱ ሲጠፋው መነጽሩን ይጠራርጋል፤ ሐሳቧን ያልቆረጠች ሙሽራ ደግሞ ቀሚሱ ጠበበኝ ትላለች። ያኔ ሰው ሁሉ "ጊዜ እየገዛች ነው" ይላል። ወደድኩት። ሞት ይዤ እየሄድኩ በአዲስ አባባል ደስ ይለኛል፤ እኔስ ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ሙሉቀን ሲመለስ ድራጋን "ኩፑዬሞ ቭሬሜ" ብሎ ሲደግማት ሰምቶ "ምን አለ?" አለኝ።

"እንረፍ ማለት ነው" አልኩት።

ያዛትና ቀኑን ሙሉ ሲላት ዋለ። ከመነሳታችን በፊት ስልኩን ተቀበልኩት፤ የእኔ ባትሪ አልቋል አልኩ፣ ይሄስ ውሸት አልነበረም። ደውዬ ስጨርስ አጠፋሁትና፣ ከዚህ ወዲያ ኔትወርክ የለም ብዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አንዱ አፈ ቀላል ደውሎ "ነፍስ ይማር" ቢለውስ? መርዶ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠብቀው ስልክ ነው።

አቀስታ

አቀስታ ስንገባ ገበያው ቆሟል። ጥብስ አዘዝኩ፤ ቀስ ብላችሁ ጥበሱት፣ በደንብ ይብሰል አልኩ። ሙሉቀን ሁለት ጉርሻ ጎርሶ እጁን ታጠበ።

"አንቺ፣ እንሂድ እንጂ። እማዬ በር በሩን ነው የምታየው።"

"አብሽር፣ ትደርሳለህ።"

"እሺ፣ ኩፑዬሞ ቭሬሜ" ብሎ ሳቀ። "ግን ባና ልግዛላት። ብርዱ አይለቃትም።"

ባና የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው፤ እዚያ ደጋ ያለሱ አይታደርም። ተው እንዳልለው ምን ብዬ? ሻጩ ሽማግሌ ሦስት ሺህ ተኩል ብለው ጀመሩና ለማን እንደሆነ ሲሰሙ አምስት መቶውን ቀነሱለት። "እናትህን ያኑርልህ" አሉት። "አሜን" አለ። እኔም አብሬ አሜን አልኩ፣ ፊቴን ወደ ድንች ክምሩ አዙሬ።

ከአቀስታ ወጥተን ድራጋን ምንም ያልሆነውን ሞተር ከፍቶ ቆመ። ሙሉቀን ጄሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ወደ ምንጩ ወረደ።

"መሞቷን ነግረውሻል?" አለኝ ድራጋን።

"በእኛ አገር አይነገርም።"

"ካልተነገረ በምን አወቅሽ?"

"እኛ እናውቃለን" አልኩት፣ ቆጣ ብዬ።

ወደ ሞተሩ ተመለሰ። እንግዳ ሰው ነው፣ የአገሬውን ሰው ያምናል።

መካነ ሰላም

ፀሐይ ልትገባ ስትል ደረስን። ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ድንኳን የለም። ተኮልኩሎ የተቀመጠ ሰው የለም። ቄስ ይመር ነጠላቸው እየተጎተተ ከበሩ ወጡ።

"ምነው እቱ? ምነው? በጠዋት ተነሱ አላልኩሽም? ልጄ መጣ ወይ፣ ልጄ መጣ ወይ ስትል ውላ አሁን አረፈች። አሁን! እጇ ገና አልቀዘቀዘም።"

ሙሉቀን ባናውን እንደታቀፈ ወደ ውስጥ ሮጠ። ጩኸቱን ሰማሁት።

"ትናንት የእሱ ስልክ እንቢ ቢለኝ ነው ለአንቺ የደወልኩት" አሉ ቄስ ይመር። "ዛሬም ስንሞክር ዋልን፣ ዝግ ነው። አሟታል ብዬሽ ነበር አይደል?"

"ብለውኛል።"

"ታዲያስ?"

ምን ልበል? አሟታል ሲሉኝ ሞተዋል ብዬ ነው ይባላል? እግዚኦ! የሙሉቀን ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጸጸት ለጠላቴም አልመኝም።

መልስ

ከሠልስቱ በኋላ ሙሉቀን መኪናው ድረስ ሸኘን። ስልኩን ሰጠሁትና ሁሉንም ነገርኩት፤ ጥብሱን፣ ሞተሩን፣ ሲመሽ ለመድረስ ያልኩትን። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

"ኩፑዬሞ ቭሬሜ ማለትስ?"

"ጊዜ እንገዛለን ማለት ነው።"

"እሷ የነበራት ግማሽ ቀን ነው" አለ። "እሱን ነው የወሰዳችሁት።"

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ድራጋንን ጨበጠው። እኔን "በሰላም ግቢ" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ወደ ደሴ ስንመለስ የትም አልቆምንም። ፀሐይ ገና አናት ላይ ሳለች ድራጋን ቤቴ በር ላይ አወረደኝ። መንገዱ ይህን ያህል አጭር መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ።

አሁን "እገሌን ትንሽ አሞታል" ብሎ የሚደውልልኝን ሰው "በሕይወት አለ ወይስ የለም?" እለዋለሁ፣ ፊት ለፊት። ምን ያለችው ሟርተኛ ናት ይሉኛል። ይበሉኝ። "አለ" ካሉኝ መንገድ ላይ ሻይ እንኳ አልጠጣም።